የበላው ደኅና አደረ ወይ?

በካፋ አገር ስለ ምግብ የመጀመሪያውን ብይን የሰጠችው ፍየል ናት። ካልዲ የሚባለው እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ ለቅመው ሲፈነጥዙ አየ፤ ቀመሰ፤ እሱም አብሯቸው ፈነጠዘ፤ የቀረውን ጠዋት ጠዋት ሲኒ ይዘን እንጨርሰዋለን። ቦንጋ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ለቡና ተብሎ የተሠራ ብሔራዊ ሙዚየም እዚያው ከተማ ቆሟል፤ ወጣ ሲሉ ደግሞ ማንኪራ አለ፤ «የቡና እናት» የሚሉትን ዛፍ ይዞ እንግዳ ይጠብቃል።

ማስረጃ አምጡ ለሚል ነገረኛ፦ ተረቱን ቀድመው ካሳተሙት አንዱ ፋውስቶስ ናይሮን የሚባል የማሮናይት ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ። በእሱ መጽሐፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም፤ አገሩም የመን ነው፤ መንጋው ግመል ይሁን ፍየል እንኳ ገና አልለየለትም። ይህን ቦንጋ ላይ ጮክ ብሎ መናገር አይመከርም። የካፋ ሰውም የሚመልሰው አያጣም፤ አረቢካ ቡና ዘሪ ሳይኖረው ከትልልቅ ዛፎች ሥር በራሱ የሚበቅልበት ደን ያለው እዚህ ነው፣ የመን አይደለም።

ፍየል ለዳኝነት ያላት ብቃት ግን ያጠራጥራል። ፌስታል ትበላለች። ካርቶን ትበላለች። የቀበሌ ማስታወቂያ ከነማኅተሙ ትበላለች፤ ስብሰባው ለማን እንደተጠራ ሳይታወቅ ይቀራል። ስለዚህ ምስጋናዬ ለእረኛው ነው። ፍየሏ የበላችውን ወዲያው አልጎረሰም። ጠበቀ። ማታ ቆጠራት፤ ጠዋት አያት፤ ቆማለች፤ እንዲያውም ትዘላለች። ከዚያ በኋላ ነው የቀመሰው። የጠየቀውም ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ የበላው ደኅና አደረ ወይ?

በተረቱ ውስጥ ሌላ ሰው አለ፤ የገዳሙ አበምኔት። እረኛው ፍሬውን ይዞ ሲመጣ «የሰይጣን ነው!» ብለው እሳት ውስጥ ወረወሩት ይባላል። አባ «ማን ደኅና አደረ? ማን ታመመ?» አላሉም። የእሳቸው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህን የሚበላው ማን ነው? ፍየልና ፍየል ጠባቂ። በቃ፣ ተፈረደ። ፍሬው እሳቱ ላይ ሆኖ ማወድ ሲጀምር ፍርዱን ቢያነሡም፣ አጠያየቃቸው ግን ለልጅ ልጅ ተረፈ። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ የሰው ልጅ ማዕድ ላይ ከቀረበው ክርክር አብዛኛው የአበምኔቱ ወገን ነው፤ የእረኛው ወገን ጥቂት ነው።

ቡናው ራሱ ስንት ችሎት አየ! መካ ላይ እ.ኤ.አ. በ1511 ኻኢር በይ የሚባል ሹም ሊቃውንቱን ሰብስቦ ቡናን ከሰሰው። ሐኪሞች መሰከሩበት፤ ተፈረደበት፤ የተገኘውም ቡና ተቃጠለ ይባላል። ቡናን ለመቅጣት ማቃጠል! የሰፈሩ ሰው በመዓዛው ተጠርቶ ሲሰበሰብ ይታየኛል። ብዙም ሳይቆይ ካይሮ ያለው የበላይ እገዳውን አላላው።

የእኛም አገር ችሎት ቀላል አልነበረም። ለረጅም ዘመን በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት ነውር ነበር። የእስላም ነው፤ የኦሮሞ ነው፤ የእኛ አይደለም። ጠጥቶ የሞተ ሰው ስለ መኖሩ የጠየቀ አልነበረም፤ ጉዳዩ የጠጪው ማንነት ነዋ። ነገሩ የላላው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ እሳቸውም ይጠጡ ነበር። ንጉሥ ከጠጣው «የሚጠጣው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አዲስ መልስ አገኘ። ፍሬው ያው ፍሬ፣ መራራነቱም ያው። ዛሬ በዚያው በሰሜኑ አገር ጠበል ጠዲቅ ተዘጋጅቶ ቡና ካልተፈላ፣ የንስሐ አባትየው ራሳቸው አቦሉ ሳይቀዳ አይነሡም። ካፋ እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው ነፃነቷን ያጣችውና ቡና በቤተ መንግሥት የተወደደው በአንድ ንጉሠ ነገሥት ዘመን መሆኑን ታሪክ ጸሐፊዎች ያስቡበት፤ እኔ ወግ ነው የምጽፈው።

ቡናን እንተወውና ወደ ቆጮ እንሂድ።

ከሰሜን በኩል ተመድቦ ቦንጋ የገባ አንድ ወዳጄ ነበረኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን የታሸገ ነገር ሲገዛ ጀርባውን ሳያነብ የማይከፍት ዓይነት ሰው። አከራዩ እናት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ትኩስ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር አቀረቡለት። አሸተተው።

«እማማ፣ ይሄ መቼ ነው የተሠራው?»

«ቆጮው? እንጃ እንግዲህ… የተቀበረው ልጄ የመጀመሪያዋን ያረገዘች ጊዜ ነው።»

«ታዲያ ወለደች?»

«እንዴ! ያውና ግቢው ውስጥ ዶሮ የሚያባርረው።»

ወዳጄ እጁን ሰበሰበ። እማማም ነገሩ ገባቸው። «ልጄ፣ እናንተ አገር እህል ጎተራ ገብቶ አይከርምም?»

«ይከርማል።»

«ይኸው ነው። የእናንተ ጎተራ ከላይ ነው፤ የእኛ ከታች ነው። ብላ።»

በላ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው ካልሆነ በቀር፣ ሌላ ምን ሊያደርግ ኖሯል? ሲነጋ ደኅና ነበር፤ በሦስተኛው ወር እንዲያውም የሠፈሩን ቆጮ እያማረጠ «የዚህኛው ገና ነው» ማለት ጀምሮ ነበር።

የቆጮ ሥራ የሚያስገርመኝ ነገር አለው። እንሰቱ ለዓመታት ቆሞ ይቆያል። ሲቆረጥ ሴቶቹ ግንዱን ቅርፊት በቅርፊት ይልጡና በቀርከሃ ይፍቁታል፤ ሥሩን ይከሰክሱታል፤ በራሱ ቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል። እየተገለጠ ይታያል፤ ይታሻል፤ ቅጠሉ ይለወጣል፤ ይመለሳል። ሲፋቅ ከሚወጣው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ነው። ሥሩ ተቀቅሎ እንደ ድንች ሲበላ ደግሞ አሚቾ ነው። መድረስ አለመድረሱን የሚያውቁት በጣት ነው፤ ቆንጠር ያደርጉታል፤ ይጨምቁታል፤ ቀለሙን ያያሉ፤ ያሸቱታል። ከደረጃ መዳቢዎች መካከል እንዲህ ያለ ጣት ያለው ሰው አላየሁም። በዚህ ጣት ላይ ተማምኖ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ቁጥር 20 ሚሊዮን ገደማ ነው ይባላል።

የሚያስቀኝ የእኛ የእንጀራ በላተኞቹ መጠየፍ ነው። የእኛ ሊጥ ሦስት ቀን ተቦክቶ ሲኮመጥጥና ላዩ ላይ ውኃ ሲያቁር «ደረሰ» እንላለን። የሰው ሊጥ ሲኮመጥጥ «ተበላሸ» እንላለን። ሁለቱም እርሾ ነው፤ ልዩነቱ የማን ቤት ቦካ የሚለው ነው። ይባስ ብሎ እንሰት ጎንደርና ጎጃም ውስጥም አለ፤ በየጓሮው ቆሞ ይታያል። ቅጠሉን ኮባ ብለን ድፎ ዳቦ እንጋግርበታለን፤ ዳቦውን እናወድሳለን፤ ተክሉን እዚያው ትተነው እንገባለን። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ እንሰትን አይቶ ሥዕሉን አሳትሟል፤ ምግብነቱንም በጣም አድንቆ ጽፏል። እንግዳው የበላውን ባለቤቱ ጠልቶ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እንሰት እየሞቀ ባለው ዓለም ውስጥ ተጨማሪ 100 ሚሊዮን ሕዝብ ሊመግብ ይችላል ብለው ሲጽፉ፣ ነገሩ በየጋዜጣው ወጣና አዲስ አበባ ውስጥ ቆጮን «የቆላ ሰው ምግብ» ሲል የኖረ ሰው ሁሉ በስልኩ ይቀባበለው ጀመር። እንሰት የደጋ ተክል ነው፤ ግን ይሁን። ክትፎ ቤት ገብቶ ስስ ቆጮ በጠረጴዛ ላይ ሲቀርብለትም ሲጠየፍ አይታይም። እዚያ የሚበላው ማን እንደሆነ ያውቃላ፤ ደጅ የቆመውን መኪና አይቷል።

እውነት ለመናገር እጅ ያልነካው ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጎደሬን ያልቀመሰ ነው። ጎደሬ በካፋና በቤንች በኩል ስንቱን ቤት ያኖረ ሥር ነው፤ ነገር ግን በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮን እያሳከከ በላተኛውን መልሶ ይበላዋል። ማን ይሆን የመጀመሪያው ሰው፣ አፉ እየተቃጠለ «ምናልባት ትንሽ ብንጨምርበት እሳት» ያለው? ለእሱ ሐውልት ይገባዋል። የሰሜኑም ጓዳ ከዚህ ነፃ አይደለም። ግብጦ ምሬቱ እስኪለቅ ቀናት ሙሉ ውኃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ አይበላም። ጓያ ደግሞ በረኃብ ዘመን ሌላ እህል ሲጠፋ ሳያቋርጡ ሲበሉት እግር ይሰብራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሽሮው ግን ዛሬም ይወጠወጣል። የእኛ መርዝ ስለሆነ እንታገሠዋለን።

ሥጋ ላይ ስንደርስ የእረኛው ጥያቄ ጭራሽ ይረሳል። ጥሬ ሥጋ ለአበሻ ክብሩ ነው። «የበላው ደኅና አደረ ወይ?» ብለን ብንጠይቅማ መልሱን ዛፍ ነግሮናል፤ ኮሶ። ሆድ ውስጥ የሚያድረውን ትል በየሁለት ወሩ ለማባረር የሚጠጣ መድኃኒት በባህላችን ቋሚ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ጥሬ በላን፤ ጥሬውን መተው ለማንም አልታሰበውም። አሁን ኮሶውን ፋርማሲ በኪኒን ተካው፤ ጥሬው እንዳለ አለ። ያው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሐበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል ብሎ ሲጽፍ ለንደን ቀጣፊ ብላ ሳቀችበት። እኛ ግን የምናውቀው እውነቱን ነው፤ ዓርብ ማታ ለቅዳሜ ሥጋ ቤት ቀጠሮ እንይዛለን።

እንዲህ ያለን ሰዎች ነን እንግዲህ የሌላውን ድስት ገልጠን የምንፈርደው። ለዚህም መጽሐፍ አለን፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11። የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ ይበላል፤ አንዱ የጎደለው አይበላም። ግመል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ወደቀ። ጥንቸል ተከለከለች። ይህን ፈተና የካፋ ደን ውስጥ ይዘው ሲገቡ ጉዳዩ ይወሳሰባል። ጉሬዛን ይውሰዱ፤ ጥቁር ለብሶ ነጭ ካባ የደረበ፣ ከሩቅ ሲታይ ለጥምቀት የወጣ የሚመስል እንስሳ ነው። በአብዛኛው ቅጠል የሚበላ ጨዋ ነው፤ ሆዱም እንደ በሬ ሆድ ክፍል ክፍል ያለው፣ ቅጠሉን ውስጥ አቡክቶ የሚፈጭ ነው። በሆድ በኩል ወደ ማለፊያው ነጥብ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም፤ ሰኮና ሲጠየቅ ግን ጣት ያወጣል። ከርከሮ በተቃራኒው ሰኮናውን ሰንጥቆ ይመጣል፤ ማመስኳት ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ተደምረው አንድ በግ ሊወጣቸው ምንም አይቀራቸውም፤ ፈተናው ግን በግል ነው።

ንብም በዚያው ምዕራፍ መሠረት አትበላም። ማሯ ግን ይበላል። ከካፋ ደን፣ ከትልልቅ ዛፎች ጫፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ በሌሊት የሚቆረጠው ማር ከነሰፈፉ፣ ከነእጩ፣ አንዳንዴም ከነባለቤቷ ገበያ ይወጣል። ጠጅ ሆኖ ሲቀርብ ብርሌውን አንሥቶ «ይህች ክንፍ የማን ናት?» ያለ ሰው አልገጠመኝም።

ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ የሆነውንም ያስታውሳሉ፤ በ2009 ዓ.ም. ነው። ሥጋው ለውጭ አገር ነበር፤ አንድም ሰው ብሉ አላለንም። ቢሆንም አገር ምድሩ ተነሣ፤ ምግብ ቤት ገብቶ ጥብስ ያዘዘ ሁሉ ሥጋውን በዓይኑ ይመረምር ጀመር። ከተማው ቄራውን ዘጋው። ከሕዝቡ ጋር ነበርኩ፤ አሁንም ከሕዝቡ ጋር ነኝ። ምክንያቴን ግን አትጠይቁኝ፤ የለኝም። በዚያው ዘመን ኢንዶኔዥያ ውስጥ የጥሪኝ ዘመድ የሆነ አውሬ በልቶ ከኋላው የጣለው የቡና ፍሬ እየታጠበ በዓለም ውድ ከሚባሉት ቡናዎች ተራ ይሸጥ ነበር። እዚያ እንኳ «የበላው ደኅና አደረ ወይ?» ለሚለው ማስረጃው ራሱ ፍሬው ነው።

ዶሮም ቢሆን ለሁሉ እኩል ዶሮ ሆና አታውቅም። ስለ ጥንቷ ካፋ የጻፉ ሰዎች ሴት ዶሮ እንዳትበላ ትከለከል እንደ ነበር መዝግበዋል። ዶሮዋ ያቺው ናት፤ ወንዱ ሲበላት ምግብ፣ ሴቷ ስትበላት ወንጀል። የሰሜኑ ሰው ይህን ሰምቶ ከመሳቁ በፊት የራሱን ዶሮ ወጥ ያስታውስ፤ ከነጋ ሽንኩርት ስትከትፍ የዋለችው፣ አሥራ ሁለቱን ብልት የለየችው፣ ያጠበችው፣ የቀመመችው እሷ ናት። ፈረሰኛው ግን የማን ነው?

እዚህ ድረስ ሳቅን። ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ አያስቅም።

ካፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በጥንቱ የካፋ መንግሥት አዳኞች ነበሩ፤ የመንግሥቱን በሮችም ይጠብቁ ነበር። ደኑን እንደ ራሳቸው ጓዳ ያውቁታል። አድነው ጉሬዛ በሉ፤ ከርከሮ በሉ፤ ጃርት በሉ። ጎረቤቶቻቸው ይህን አይበሉም፤ መብታቸው ነው። ነገር ግን ፍርዱ ከሥጋው አልፎ ወደ በላተኛው ተሻገረ። ማንጆ ከሰው ቤት አይገባም ተባለ። ሰላምታው ከሩቅ ይሁን ተባለ። የበላበት ዕቃ አይነካም፤ ስለዚህ በቅጠል ይሰጠው ተባለ። ጋብቻማ አይታሰብም። ይህን አጥንተው የጻፉ የውጭም የአገር ውስጥም ተመራማሪዎች አሉ፤ ማንጆዎቹ ራሳቸውም ከደርግ ውድቀት በኋላ ለመንግሥት አካላት አቤቱታቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ሕግ ፊትማ እኩል ናቸው፤ ችግሩ ድስት ፊት ነው።

የሚያስገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ማንጆዎች ያን ሥጋ ትተዋል። ቤተ ክርስቲያን ገብተዋል፤ ያርሳሉ፤ እንሰትና በቆሎ ይበላሉ። ፈተናው የሆድ ፈተና ቢሆን ኖሮ እኮ አልፈዋል። ውጤቱ ግን አልተለጠፈም። «ድሮ ይበሉ ነበር» ይባላል። አያት የበላው የልጅ ልጅ አፍ ላይ ይሸታል ማለት ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል እንዲህ ያለውን ሒሳብ ከጥንት ውድቅ ያደረገው ቢሆንም፣ ዘሌዋውያንን በቃሉ የሚያወርድ ሰው ሕዝቅኤል ላይ ሲደርስ ያንቀላፋል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ማንጆዎች ከሰልና ማገዶ ይሸጣሉ፤ ይህ ከቆዩት መተዳደሪያዎቻቸው አንዱ ነው። በማንጆ እጅ ተቆርጦ፣ በማንጆ እጅ ከስሎ፣ በማንጆ ጀርባ ገበያ የወረደ ከሰል ቦንጋ ውስጥ ስንት ጀበና አፍልቷል? ስንት ዶሮ ወጥ አብስሏል? እጁ ሲኒውን እንዳይነካ ይከለከላል፤ ሲኒው ውስጥ ያለውን ያሞቀው ግን እጁ ነው። ይህን አስቦ ጀበናውን የደፋ አላየሁም፤ ከሰል ሲገዛ የሚጠየቀው ዋጋው ብቻ ነው። እንግዲህ መጠየፉ የንጽሕና ጉዳይ ነው የሚሉኝ ሰዎች ይህን ያስረዱኝ። እኔ እንዳየሁት መጀመሪያ ሰውየው ይናቃል፤ ከዚያ ድስቱ ይመረመራል፤ ጉሬዛ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም የአያቱ ድስት ይቆፈራል።

ወደ ቡናው ልመለስ፤ ወደ ፍሬው ሳይሆን ወደ ቅጠሉ። በካፋና በቤንች በኩል የቡና ቅጠል ተፈልቶ ይጠጣል፤ ጨሞ ይሉታል። ዝንጅብል ይገባበታል፤ ቃሪያ ወይም ሚጥሚጣ፣ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። ላብ ላብ ያሰኛል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ይወደዋል፤ ያልያዘውም ይወደዋል። ፍሬው ለገበያ ሲሄድ ለባለቤቱ የሚቀረው ቅጠሉ ነውና ለድኻ ቤት ባለውለታ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ግን «ቅጠል ነው እንዴ የምታጠጡኝ?» ማለት ይቀናዋል፤ ሻይ ምን እንደሆነ የነገረው የለም መሰለኝ።

ይህ ቅጠል አውሮፓ ገበያ ለመግባት ብራስልስ ደጅ መጥናት ነበረበት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አዲስ ምግብ የሚለው ነገር አለ፤ እነሱ ዘንድ ከዚህ በፊት በስፋት ያልተበላ ሁሉ አዲስ ነው፤ አያቶቻችን ቢያረጁበትም አዲስ ነው። ሆኖም አንድ በር ክፍት ትተዋል፦ ከአውሮፓ ውጭ ባለ አንድ አገር ቢያንስ ለ25 ዓመት ብዙ ሰው ዘወትር ሲበላው ወይም ሲጠጣው የኖረና ጉዳት ያላደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ባህላዊ ምግብ ተብሎ ቀለል ባለ መንገድ ይገባል። የቡና ቅጠል ፍል በዚህ በር አልፎ እ.ኤ.አ. በ2020 ተፈቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የቡናው ገለፈት ተከተለው።

ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፤ ፈረንጅ ማን ስለሆነ ነው የእናቴን ጨሞ የሚፈቅደው? እኔም ትንሽ ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳየው ግን ደንቡ የእረኛው ደንብ ነው። ወረቀት በዛበት እንጂ ጥያቄው ያው ነው፦ የበላው ደኅና አደረ ወይ? ካልዲ አንድ ሌሊት ጠበቀ፤ እነዚህ 25 ዓመት ይጠብቃሉ፤ ፈሪ ናቸው፣ ይሁንላቸው። የጠጣው ሰው ዘሩ ምንድን ነው፣ አያቱ ምን በላ፣ ሲኒውን ማን ነካው የሚል ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።

እርስዎም ቦንጋ ከሄዱ ጨሞ አይለፍዎት። ቃሪያው በርከት ካለ ደግሞ ቀስ ብለው ፉት ይበሉ፤ ፊትዎ ላይ ላብ ቢያዩ አይደንግጡ። ቆጮው መቼ ተቀበረ ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ያስጨንቅዎታል። አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱልኝ። ከተቀመጡበት ቤት ደጅ ከሰል አውርዶ ላቡን የሚጠርግ ሰው ካለ፣ ለእሱም ሲኒ ይቀርብለት እንደሆነ ይዩ። ለእሱ በቅጠል ከቀረበለት፣ ባለቤቶቹን ሳያስቀይሙ፣ በፈገግታ፣ ለእርስዎም በቅጠል እንዲያደርጉልዎት ይጠይቁ።